«ስልኬን ፎርማት ባስደርገው ይገላግለኛል?»

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አስመጪ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን አምስት ወራችን ነው፤ የፍቺው ጉዳይ በፍርድ ቤት ተይዟል። ይሁንና የት እንደዋልኩ፣ ለእህቴ በዋትስአፕ ምን እንደጻፍኩ ቃል በቃል ይነግረኛል። ሳምሰንግ ስልኬን የገዛልኝ እሱ ነው። ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ይግላል። *#21# ደውዬ ሳይ ጥሪ እንዳልዞረ ብቻ ነገረኝ። አንድ ጥገና ቤት ‹ፔጋሰስ ገብቶበታል፣ በ4,000 ብር እናጸዳዋለን› አለኝ። ለሥራም ለግልም የምጠቀምበት ላፕቶፕ አለኝ፤ እሱስ ተጠልፎ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ሁሉንም ፎርማት ባስደርግ ይገላግለኛል?»

ምላሽ፦ ፎርማት ብቻውን አይገላግልዎትም። ዛሬ ቢያስደርጉት ማስረጃው ይጠፋል፤ መረጃዎ የሚሾልክበት ቀዳዳ ግን ባለበት ሊቀጥል ይችላል። ምክንያቱን ለማስረዳት፣ ከዘረዘሯቸው ነገሮች የትኛው ምልክት እንደሆነና የትኛው እንዳልሆነ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።

የባትሪ ቶሎ ማለቅና የስልክ መጋል በራሳቸው ስለ ስለላ የሚነግሩን ጥቂት ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ያገለገለ ባትሪ ይደክማል። ኔትወርክ በማያስገባ ሕንፃ ውስጥ የሚውል ስልክ ምልክት ለመያዝ ከፍ ያለ ኃይል ስለሚያወጣ ይግላል፤ ማታ ማታ ቪዲዮ የሚታይበትም እንዲሁ። በአንጻሩ የተጻፉ መልእክቶችንና የሚገኙበትን ቦታ ብቻ የሚልክ የክትትል አፕ የሚጠቀመው ዳታ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ባትሪው ላይ ጨርሶ ላይታወቅ ይችላል። እኔ ክብደት የምሰጠው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም እርስዎ የጻፉትን ባለቤትዎ ቃል በቃል መናገሩ ነው። ይህ በግምት የሚገኝ አይደለም።

*#21# ደግሞ በቴሌግራምና በቲክቶክ ሲዞር የኖረ የተሳሳተ ምክር ነው። ኮዱ የሚጠይቀው ኔትወርኩን እንጂ ስልኩን አይደለም፤ የሚመልሰውም ወደ እርስዎ የሚመጣ ጥሪ ወደ ሌላ ቁጥር እንዲዞር ተደርጎ እንደሆነ ብቻ ነው። *#62# ደውለው የማያውቁት ቁጥር ቢያዩም ብዙውን ጊዜ የአገልግሎት ሰጪው የድምፅ መልእክት ቁጥር ስለሚሆን አይደንግጡ። ኮዶቹ ጨርሶ አይረቡም ማለቴ አይደለም፤ ጥሪ ቢዞር ኖሮ በድምፅ የሚነገሩ የማረጋገጫ ኮዶች ሌላ ሰው ጆሮ ይገቡ ነበር፤ ##002# መደወልም የተዞረውን ሁሉ ይሰርዛል። ነገር ግን በስልኩ ውስጥ ምን አፕ እንዳለ፣ ዋትስአፕዎ ሌላ ቦታ ተከፍቶ እንደሆነ ኮዱ ሊያውቅ አይችልም።

ወደ ፔጋሰስ ልምጣ። ፔጋሰስ ኤንኤስኦ ግሩፕ የተባለው የእስራኤል ኩባንያ ለመንግሥታት ተቋማት ብቻ እሸጠዋለሁ የሚለው መሣሪያ ነው። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 1,400 የሚጠጉ ተጠቃሚዎቹ በዚህ ኩባንያ መሣሪያ ዒላማ እንደተደረጉ ገልጾ አሜሪካ ውስጥ ከስሶታል። በፍቺ ላይ ያለ ባል እጅ የሚገባ ዕቃ አይደለም። ዱካውም ስልኩን ገልበጥ አድርጎ በማየት አይታወቅም፤ የስልኩ ባክአፕና የውስጥ መዝገቦች ወጥተው፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2021 ለሕዝብ እንደለቀቀው እንደ ኤምቪቲ ባለ መሣሪያ መመርመር ይኖርባቸዋል። ባንኮኒ ላይ ቆሞ «ፔጋሰስ ነው» ያለዎት ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ እያወቀ ዋሽቶዎታል። 4,000 ብሩን አይክፈሉ።

ይህን ስል ኢትዮጵያውያን መንግሥታት ከሚገዙት የስለላ መሣሪያ ሩቅ ነን ማለቴ እንዳይመስል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ ከኢትዮጵያ ጋር ያያያዛቸውን ሦስት መሣሪያዎች በተከታታይ ይፋ አድርጓል፦ እ.ኤ.አ. በ2013 ፊንስፓይን፣ በ2014 በውጭ አገር በሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ የተሞከረውን የሃኪንግ ቲም ሶፍትዌር፣ በ2017 መጨረሻ ደግሞ የሳይበርቢትን። የመጨረሻው በውጭ ለሚኖሩ ተቃዋሚዎች ሲላክ የታወቀ የኤርትራ ቪዲዮ ድረ ገጽን አስመስሎ የተሠራ ገጽ ተዘጋጅቶ፣ «ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ያዘምኑ» የሚል ማጥመጃ ቀርቦ ነበር። በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖርና ለፍርድ ቤት «ኪዳኔ» በሚል መጠሪያ የቀረበ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ በክሱ እንደተገለጸው፣ ፊንስፓይ ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባው የሚያውቀው ሰው ካስተላለፈለት ኢሜይል ጋር የተያያዘውን ፋይል በመክፈቱ ነው። የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2017 ክሱን የዘጋው ጠለፋው አልተፈጸመም ብሎ ሳይሆን የውጭ መንግሥት በዚህ ዓይነት ጉዳይ በአሜሪካ ፍርድ ቤት አይከሰስም በማለት ነው። ከእነዚህ ጉዳዮች ለእርስዎ የሚጠቅመው ነጥብ አንድ ነው፤ ይህን ያህል ዋጋ ያለው መሣሪያ እንኳ የገባው የታመነ ሰው ወይም የታመነ ገጽ መስሎ ነው። ጋዜጠኛ ወይም የፖለቲካ ሰው ቢሆኑ ኖሮ አክሰስ ናው የተባለውን ድርጅት ነጻ የዲጂታል ደህንነት የእርዳታ መስመር እጠቁምዎት ነበር፤ የእርስዎ ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

የእርስዎ ጉዳይ ቀላልም ቅርብም ነው። ባለቤትዎ ስልኩን ገዝቷል፣ ፓተርኑን ያውቅ ይሆናል፣ ስልኩም ለወራት ትራስ ሥር አብሮት አድሯል። እንዲህ ያለ ሰው ስልክ መጥለፍ አያስፈልገውም፤ በሩ ክፍት ነው። እንደ ልምዴ መፈተሽ ያለባቸው በሮች አራት ሲሆኑ አብዛኛው ሰው የሚያስበው የመጨረሻውን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ዋትስአፕና ቴሌግራም ናቸው፤ ለእህትዎ የጻፉት ቃል በቃል ስለሚነገርዎት ቀድሜ የምጠረጥረውም ይህን ነው። ዋትስአፕ ከዋናው ስልክ ሌላ በአራት መሣሪያዎች ላይ ሊከፈት ይችላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የተከፈተ ስልክዎን ለግማሽ ደቂቃ ይዞ በኮምፒውተሩ ላይ የሚታየውን ኪውአር ኮድ ማንሳት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እርስዎ የሚጽፉት ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ይደርሳል። ሦስቱን ነጥቦች ተጭነው «ሊንክድ ዲቫይስስ» (የተያያዙ መሣሪያዎች) የሚለውን ይክፈቱ፤ «ጉግል ክሮም፣ ዊንዶውስ» የሚል ጽሑፍና ከሥሩ ለመጨረሻ ጊዜ የተጠቀሙበት ሰዓት ቢታይ፣ እርስዎም ዋትስአፕን በኮምፒውተር ከፍተው የማያውቁ ከሆነ፣ መልስዎን አገኙ ማለት ነው። በቴሌግራም ይኸው ዝርዝር «ሴቲንግስ» ውስጥ «ዲቫይስስ» በሚለው ሥር ይገኛል፤ ቴሌግራም የቆዩ መልእክቶችን ጭምር ስለሚያሳይ ጉዳቱ ይብሳል። ያገኙትን ግን አሁን አይሰርዙ፤ ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው በር ጂሜይሉ ነው። በአገራችን ስልክ ሲገዛ ጂሜይሉን ሻጩ ወይም ገዥው ከፍቶ፣ የይለፍ ቃሉን በካርቶኑ ጀርባ በእስክሪብቶ ጽፎ መስጠት የተለመደ ነው። ካርቶኑ ቤት ቀርቶ ከሆነ ቁልፉም ቤት ቀርቷል። ያንን የይለፍ ቃል የያዘ ሰው በማንኛውም ኮምፒውተር ገብቶ ፎቶዎችዎን፣ የስልክ ቁጥር ማውጫዎን፣ ክሮም ላይ ያስቀመጧቸውን የይለፍ ቃሎች ሊያይ፣ ስልኩ የት እንዳለም በካርታ ሊመለከት ይችላል። ሳምሰንግ ከሆነ የሳምሰንግ አካውንትም አለ፤ እሱም ስልኩ ያለበትን ቦታ ያሳያል። በጉግል ማፕስ ላይ «ሎኬሽን ሼሪንግ» ለእሱ ተከፍቶ ተረስቶም ሊሆን ይችላል። ፎርማት ከእነዚህ አንዱንም አይዘጋም፤ ስልኩን አጽድተው ያንኑ ጂሜይል መልሰው ሲያስገቡ በሩን ራስዎ ይከፍቱለታል። ሌላም ችግር አለ። ጥገና ቤቶች ብዙ ጊዜ እንደሚያደርጉት ስልኩ በሪከቨሪ፣ ማለትም ሳይከፈት ከሚነሳበት የጥገና ገጽ ከጸዳ፣ ሲበራ ቀድሞ የነበረበትን ጂሜይል የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ጂሜይሉ የባለቤትዎ ከሆነ ስልኩ እጅዎ ላይ ተቆልፎ ይቀራል።

ሦስተኛውን በር ብዙ ባለሙያዎች እንኳ ይዘሉታል። ሲሙ የተመዘገበው በማን ስም ነው? በባለቤትዎ ስም ከሆነ ጠፋብኝ ብሎ ተለዋጭ ሲም የማውጣት ዕድል አለው፤ ያ ሲም በእጁ ሲገባ በኤስኤምኤስ የሚላክ ማንኛውም የማረጋገጫ ኮድ ለእሱ ይደርሳል። የባንክና የሞባይል ገንዘብ አገልግሎትዎም ከዚሁ ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው።

አራተኛው በር ትክክለኛው የክትትል አፕ ነው። እንዲህ ያሉ አፖች «ልጆችን ለመጠበቅ» ወይም «ሠራተኛን ለመቆጣጠር» በሚል ሽፋን ይሸጣሉ፤ በአንድሮይድ ላይ ለመጫን ስልኩን ከፍቶ ለጥቂት ደቂቃዎች መያዝ ይበቃል። ምልክታቸውን ስለሚደብቁ በመነሻው ገጽ ላይ አያገኟቸውም፤ ስማቸውም «ሲስተም ሰርቪስ» ወይም «ሲንክ» የሚል ዓይነት፣ ዓይን የማይስብ ነው። ይሁንና ሥራቸውን ለመሥራት ስልኩ ላይ የተለየ ፈቃድ ማግኘት ስላለባቸው የሚጋለጡት በዚያ ነው። ፕሌይ ስቶር ውስጥ አፖችን የሚፈትሸው ፕሌይ ፕሮቴክት ጠፍቶ ከሆነ አንድ ሰው ሆን ብሎ አጥፍቶታል ማለት ነው። «አክሰሰቢሊቲ» ውስጥ «ኢንስቶልድ አፕስ» የሚለው ሥር የበራ፣ የማያውቁት አፕ ካለ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሁሉ ማንበብ ይችላል። «ዲቫይስ አድሚን አፕስ» (ስልኩን የማስተዳደር ሥልጣን የተሰጣቸው አፖች) እና ማሳወቂያዎችን (ኖቲፊኬሽን) የማንበብ ፈቃድ የተሰጣቸው አፖች ዝርዝርም መታየት አለባቸው። «ኢንስቶል አንኖውን አፕስ» የሚለው ለክሮም ወይም ለፋይል ማውጫው ተፈቅዶ ከሆነ ከፕሌይ ስቶር ውጭ በኤፒኬ (በአፕ መጫኛ ፋይል) የተጫነ ነገር ሊኖር እንደሚችል ያመለክታል፤ በእኛ አገር ግን አፕ ከሰው ሰው በዜንደርና በቴሌግራም ስለሚተላለፍ ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አይፎን ለያዙ አንባቢዎች በአጭሩ፦ እዚያ የተደበቀ አፕ መጫን እጅግ ከባድ ስለሆነ ተከታታዩ ብዙ ጊዜ የሚገባው በአፕል አካውንቱ የይለፍ ቃል ነው፤ ከአይኦኤስ 16 ጀምሮ ያለው «ሴፍቲ ቼክ» ምን ለማን እንደተጋራ በአንድ ቦታ ያሳያል።

ስለ ፀረ ቫይረስ አፖች ይጠይቁኝ ይሆናል። የታወቁትን የክትትል አፖች ይይዛሉ፤ ነገር ግን «ምንም አልተገኘም» ማለታቸው ምንም የለም ማለት አይደለም። የተሰረቀን የይለፍ ቃል ወይም የተከፈተን ሊንክድ ዲቫይስ ደግሞ ከነጭራሹ አያዩም፤ ሥራቸውም አይደለም።

ላፕቶፑን በተመለከተ ስጋቴ ከባለቤትዎም ይሰፋል። በከተማችን ካለው ላፕቶፕ ብዙው ዊንዶውስ የተጫነለት በ«ክራክ»፣ ማለትም ፈቃዱ ሳይገዛ ነው፤ ፈቃድ ያለው የሚያስመስለው አክቲቬተር ሲጫን ደግሞ የመጀመሪያው ትእዛዝ የዊንዶውስን የራሱን ፀረ ቫይረስ «ዲፌንደርን አጥፋው» የሚል ነው። አንድ ጊዜ «ኮምፒውተሬ ቫይረስ የለበትም፣ በየቀኑ አስፈትሸዋለሁ» ያለኝን ሰው ማሽን ስከፍት፣ በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ «ኤክስክሉዥንስ» በሚለው፣ ከፍተሻ በሚዘለሉ ነገሮች ዝርዝር ላይ ሲ ድራይቭ በሙሉ ተመዝግቦ አገኘሁ። ዘበኛው በየቀኑ ይዞራል፤ ቤቱን ግን እንዳያይ ታዟል። እርስዎም መጀመሪያ የሚያዩት ይህንኑ ዝርዝር ይሁን። ቀጥለው በታስክ ማናጀር «ስታርትአፕ አፕስ» የሚለውን፣ በክሮም ላይ የተጫኑ ተጨማሪ ፕሮግራሞችን (ኤክስቴንሽኖችን)፣ እንዲሁም የማያስታውሱት ኤኒዴስክ ወይም ቲምቪወር መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ፤ እነዚህ ሕጋዊ ፕሮግራሞች ሲሆኑ የይለፍ ቃል ተበጅቶላቸው ከተተዉ ግን እርስዎ ሳይፈቅዱ ከሩቅ ይከፈታሉ። ክሮም የባለቤትዎን ጂሜይል ይዞ ከሆነም እርስዎ የሚያስቀምጡት የይለፍ ቃል ሁሉ እሱ ኮምፒውተር ላይ ይገለበጣል።

ከክራክ ጋር የሚመጡት አደገኛዎቹ ሬድላይንና ሉማን የመሳሰሉ መረጃ ሰራቂዎች ናቸው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ሉማን ለመበተን በተካሄደው ዘመቻ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ ከ394,000 በላይ የተበከሉ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች መለየቱን አስታውቋል። እነዚህ ተቀምጠው አይሰልሉም፤ ብሮውዘሩ ውስጥ የተቀመጡትን የይለፍ ቃሎችና የተከፈቱ አካውንቶችን ኩኪ፣ ማለትም የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ የሚያስገባውን ምልክት፣ በአንድ ጊዜ ይወስዳሉ። ኩኪው ከተወሰደ የይለፍ ቃል መቀየር ብቻውን ላይበቃ ስለሚችል «ከሁሉም መሣሪያ ውጣ» የሚለውን መጠቀም ግድ ነው። ይህን ከዚያው ከተበከለው ላፕቶፕ ላይ ማድረግ ግን አዲሱን ቁልፍ ለሌባው እንደመስጠት ይቆጠራል።

ለላፕቶፑ የምመክረው ቁርጥ ያለ ነው፤ አያጽዱት፣ እንደገና ይጫኑት። ሰነዶችዎን ብቻ ይገልብጡ፤ ፕሮግራሞችንና የመጫኛ ፋይሎችን ይተዉ። ዊንዶውሱን ከማይክሮሶፍት ገጽ በንጹሕ ኮምፒውተር ወደ ፍላሽ አውርደው ዲስኩን በሙሉ አጥፍተው ይጫኑ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ ከፋብሪካ ከዊንዶውስ 8 ወይም ከዚያ በኋላ ከመጣ ዊንዶውስ ጋር የተሸጠ ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ፈቃዱን በማዘርቦርዱ ላይ ይዞት ስለሚኖር ትክክለኛው ዓይነት ሲጫን ራሱ አክቲቬት ያደርጋል፤ ክራኩ ከመነሻው አያስፈልገውም ነበር። ዊንዶውስ 10 የሚጠቀሙ ከሆነ መደበኛ ድጋፉ በጥቅምት 2025 ስላበቃ ወደ 11 ይሸጋገሩ፤ ማሽኑ የማይችል ከሆነ በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነው ነጻው ሊኑክስ ሚንት ለሒሳብ ሰንጠረዥና ለኢሜይል ይበቃል። ላፕቶፑ የድርጅትዎ ንብረት ከሆነ ግን ምንም ከመንካትዎ በፊት ለአለቃዎ ያሳውቁ፤ የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ አብሮ ሾልኮ ሊሆን ስለሚችል ጉዳዩ የእርስዎ ብቻ አይደለም።

አሁን ቅድም ላቆየሁት ጉዳይ። ሊንክድ ዲቫይሱን ወይም አፑን በሰረዙበት ደቂቃ ባለቤትዎ ያውቃል፤ የሚያየው ነገር በድንገት ይቋረጥበታል። ከዚህ በፊት ዛቻ ወይም ድብደባ ከነበረ ይህች ቀን አደገኛ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ አስቀድመው የት እንደሚያድሩና ማን አብሮዎት እንደሚሆን ይወስኑ። ከኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ምክር ለማግኘት፣ ወይም መጠጊያ ካስፈለገ ከሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ጋር ለመነጋገር በዚህ ስልክ አይደውሉ፤ የእህትዎን ወይም የሥራ ባልደረባዎን ይጠቀሙ። ይህንን ምላሽ ያነበቡትም በዚያው ሳምሰንግ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ማስረጃውን ስክሪንሹት አያንሱት፤ ስክሪንሹቱ ወደ ጉግል ፎቶስ ሄዶ እሱም ሊያየው ይችላል። በሌላ ሰው ስልክ የሊንክድ ዲቫይሱን ዝርዝር፣ የአፑን ስምና ፈቃዶቹን፣ ቀንና ሰዓቱ እንዲታይ አድርገው ፎቶ ያንሱ፤ ባለቤትዎ የሚነግርዎትንም ቃል ከነቀኑ በወረቀት ይመዝግቡ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት መግባትንና የግል ግንኙነትን መጥለፍን ይከለክላል፤ የሞባይል ስልክም በዚሁ ውስጥ ይታያል። ስልኩን እኔ ገዛሁት ማለት መልእክት ለማንበብ ፈቃድ አይሆንም። ለፍቺው ችሎት እንዴት እንደሚቀርብ ግን ጠበቃዎ ይወስኑ።

ከዚያ በኋላ የምመክርዎት ይህን ሳምሰንግ ለማዳን እንዳይደክሙ ነው። በአራት ሺሕ ብሩ ላይ የቻሉትን ጨምረው፣ ርካሽም ቢሆን አዲስ ስልክ ራስዎ ይግዙ፤ ሻጩ እንዲያስተካክልልዎ ሳይፈቅዱ ራስዎ ይክፈቱት። በመታወቂያዎ አዲስ ሲም ያውጡ፣ አዲስ ጂሜይል በአዲሱ ስልክ ላይ ይክፈቱ፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩ፤ ፓተርን ሳይሆን ስድስት አሃዝ ያለው ፒን ይጠቀሙ፣ የልደት ቀን ወይም የልጅ ዕድሜ አይሁን። ከአሮጌው ስልክ በክሎን (ሁሉን በሚገለብጥ አፕ) ምንም አያሸጋግሩ፤ የክትትል አፑ አብሮ ሊሻገር ይችላል፤ የሚያስፈልጉዎትን ቁጥሮች በእጅ ይጻፉ። የባንክ አገልግሎትዎን በአካል ቀርበው ወደ አዲሱ ቁጥር ያዛውሩ። ቴሌግራምን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ አዲስ የገባ መሣሪያ የቆዩትን ለ24 ሰዓት ማስወጣት ስለማይችል በአሮጌው ስልክ ላይ ሆነው ሌሎቹን ያስወጡ፣ ወይም አንድ ቀን ይታገሡ። ይህ ሁሉ ሳይጠናቀቅ በአሮጌው ስልክ ላይ የተለመደውን ወሬ ይቀጥሉ፤ ስለ ጠበቃዎና ስለ አዲሱ ስልክ ግን በእሱ አንዲት ቃል አይጻፉ።

ሳምሰንጉን አይሽጡት፣ ለማንም አይስጡት፣ ፎርማትም አያስደርጉት። ሲሙን አውጥተው፣ አጥፍተው፣ ከነቻርጀሩ ፖስታ ውስጥ ያሽጉትና ቀኑን ጽፈው ጠበቃዎ ዘንድ ያስቀምጡት፤ መርማሪ ከጠየቀ ተከፍቶ ሊታይ የሚችለው እንዳለ ከቆየ ብቻ ነው።